ቆርቆሮው ዝም ሲል

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ! ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ላላችሁ፣ ጣርማበርን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ለምትሞቁ፣ መንገድ ተዘግቶባችሁ ዘንድሮም የእናታችሁን ደጅ ላልረገጣችሁ፣ ሁላችሁም እንኳን አደረሳችሁ። አደይ የያዙት ልጆች በር ላይ ናቸው። ሐምሌና ነሐሴን ቆርቆሮ ሲደበድብ የከረመው ዝናብም ጋብ ብሏል። ቤቱ ውስጥ ድምፅ ለሚቀርጽ ሰው ዓመቱ በእውነትም ዛሬ ነው የሚጀምረው።

በመጀመሪያ ምስጋና። «በስልክ ስፒከር ሰምታችሁ አትፍረዱ» እያለች ለተከራከረችን የደብረ ሲናዋ እህታችን። ክርክሩ ስለ አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ቢሊ አይሊሽ የመጀመሪያ አልበም ነበር። ጥርጣሬያችን ምክንያት ነበረው፤ ልጅቷ 17 ዓመቷ ነበር፣ ወሬዋ ከዘፈኗ ቀድሞ ዓለምን ሞልቷል፣ ድምፅዋ ደግሞ ከሹክሹክታ አያልፍም። ጉሮሮውን ከፍቶ የሚዘፍን ሰው ለለመደ ጆሮ «ይቺ ልጅ መቼ ልትጀምር ነው?» ያሰኛል። አልበሙ መጋቢት 20 ቀን 2011 ዓ.ም. ወጣ። ጥር 2012 ላይ ግራሚ የዓመቱን አልበም፣ ሪከርድና ዘፈን እንዲሁም የአዲስ አርቲስትነቱን ሽልማት በአንድ ምሽት ሲሰጣት እንኳ ጥርጣሬው አልለቀቀንም። ተሳስተናል። አልበሙ ከወሬው ይበልጣል፤ በሰፊው ይበልጣል።

የተሳሳትነው በጆሯችን ሳይሆን በመሣሪያችን ነው። የስልክ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ፣ ቤዝ የሚሉትን፣ ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን፣ እምብዛም አያወጣም። የዚህ አልበም ግማሽ ነፍሱ ደግሞ እዚያ ታች ነው። ቤዙ ሲጎድል የሚቀረው ትንፋሽ ብቻ ነው፤ ትንፋሽ ብቻውን ደግሞ ድካም ይመስላል። ደህና ሄድፎን አድርጋችሁ ስትሰሙት ግን ድምፅዋ ከግራም ከቀኝም ተደርቦ ይመጣል፣ መሐል ላይ አንዷ ጆሯችሁ ሥር ትቆማለች፣ ከሥሯ ቤዙ ይረግጣል። በሁለቱ መሐል ባዶ ቦታ ተትቷል። ይህን ባዶ ቦታ መተው የቻለው ወንድሟ ፊኒያስ ነው፤ እኛ ቤት አቀናባሪው ክፍተት ባየ ቁጥር በኪቦርድ ይደፍነዋል።

14 ትራክ፣ 43 ደቂቃ ገደማ። የተሠራው ሎስ አንጀለስ፣ ወላጆቻቸው ቤት፣ ወንድሟ መኝታ ክፍል ውስጥ ነው። እሷ አልጋው ላይ ተቀምጣ ትዘፍናለች፣ እሱ ላፕቶፑ ላይ ሎጂክ በሚባለው የቀረጻ ሶፍትዌር ይቀርጻል፤ የሚያዳምጡበት ስፒከር ትንንሾቹ ያማሃ ኤችኤስ 5 ናቸው። አልበሙ የሚከፈተው የጥርስ ማቃኛዋን ስታወልቅ በሚሰማው ድምፅና በሳቃቸው ነው። አንዱ ዘፈን ውስጥ የጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ ይሰማል፣ ሌላው ውስጥ አውስትራሊያ ላይ በስልኳ የቀዳችው የእግረኛ ማቋረጫ መብራት ጭቅጭቅታ ለምት ገብቷል። ቤታቸውና መንገዳቸው ውስጥ የነበረውን ድምፅ ሳይንቁ ሰሙት።

እኛም መኝታ ቤት አለን። ችግሩ ብሎኬቱና ሊሾው ድምፁን መልሶ መርጨቱ ነው። የእንቁላል ካርቶን የለጠፋችሁ ልጆች ንቀሉት፤ ቀጭን ወረቀት የሚያመጣው ለውጥ ከቁጥር አይገባም። የመንዝ ባና ግን ጥቅጥቅ ያለ የበግ ፀጉር ነው። ሁለት ባና ደርባችሁ ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቃችሁ ገመድ ላይ ስቀሉት፤ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ ብዙ ጥቅሙ ይቀራል። የሚሰቀለው ከዘፋኙ ጀርባ ነው። ብዙ ሰው ከማይኩ ጀርባ ይሰቅለዋል፤ ከፊት ብቻ የሚሰማው ማይክ ግን ፊቱ ወደ ዘፋኙ ስለሆነ የሚሰማው ከዘፋኙ ኋላ ያለውን ግድግዳ ነው። ባናው ቤዝ አያቆምም፤ ስለዚህ ከቤቱ ጥግ ራቁ፣ ቤዝ የሚከማቸው እዚያ ነው።

ከአፍ እስከ ማይክ አንድ ስንዝር ይበቃል። ከዚያ ከቀረበ ድምፁ ይወፍራል፣ «በ» እና «ፐ» ሲመጡ ትንፋሹ ማይኩን ይመታዋል፤ አፍን ትንሽ ወደ ጎን ማዞር ነው መድኃኒቱ። የድምፁ ጫፍ በሶፍትዌሩ መለኪያ ላይ ከ-12 እስከ -6 ዴሲቤል ይዋል። ቀስ ብሎ ለሚዘፍን ሰው የማይኩ መጠን ከፍ ይላል፤ ከፍ ሲል ፍሪጁም ይሰማል፣ ፍሪጁን ንቀሉ። ላፕቶፑ በባትሪ ይሥራ፤ የመብራቱ እዝዝታ አይገባም፣ መብራት ቢሄድም ቀረጻው አይሞትም። ጧት ፀሐይ ሲነካው፣ ማታም ሲቀዘቅዝ ቆርቆሮው ይንጣጣል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ይረጋል።

ይህን ሁሉ በበዓል ቀን የምዘረዝረው ያለ ነገር አይደለም። ባለፈው ግንቦት መንዝ ውስጥ አንድ ማሲንቆ ዝም አለ። መንደሩ ሁሉ አባባ ይላቸው ነበር። ከእርሳቸው የተረፈን አንድ ሠርግ ላይ በስልክ የተቀዳ 6 ደቂቃ ነው። ጄኔሬተሩ ከኋላ ያጉረመርማል። ከበሮው በተመታ ቁጥር ስልኩ ራሱ ድምፁን ዝቅ ስለሚያደርገው የአባባ ድምፅ ይሰምጥና ይወጣል። ጉርምርምታውን በሶፍትዌር ለማንሳት ተሞከረ፤ ሲነሳ የማሲንቆውን ወፍራም ድምፅ ይዞት ሄደ፣ ሁለቱ አንድ ሰፈር ናቸውና። አንድ ቦታ ላይ ግን ከበሮው ያርፋል፤ ጭራው ቆዳውን ከማናገሩ በፊት አባባ ትንፋሽ ሲስቡ ይሰማል። አንዲት ሰከንድ ናት። የሎስ አንጀለሷ ልጅ ትንፋሽ ለዓለም ሁሉ ጥርት ብሎ ተቀምጧል፤ የአባባ ይህችው ናት።

ስለዚህ የዘንድሮ ምኞቴ ለይቶ ነው። አቀናባሪዎች፣ ማሲንቆና ድምፅን ለየብቻ አትቅረጹ። ጣቱና ጉሮሮው እየተጠባበቁ ነው የሚሄዱት፤ ከተነጣጠሉ ሁለቱም ይሳሳታሉ። አንድ ማይክ፣ በደረት ቁመት፣ ሁለት ክንድ አርቃችሁ፣ ከቆዳው ትይዩ ትንሽ ፈቀቅ ይበል፤ ፊት ለፊት ከሆነ የጭራው ፍግታ ይበዛል። ሠርግ የደገሳችሁ ደግሞ ጄኔሬተሩን ከቤቱ ጀርባ አድርጉልን፣ ስልካችሁንም ከከበሮው አርቁ።

ሁለት ባና ከአልጋቸው ላይ አንስተው የላኩልን የመሐል ሜዳዋ እናታችን፣ እግዜር ይስጥልን፤ ብርዱ ሳይጠና እንመልሳለን። ማይኩን ያለ ኪራይ የሰጠኸን ወንድማችን፣ ዕድሜ ይስጥህ። የአባባን ማሲንቆ የወረስከው የልጅ ልጅ ሆይ፣ እንኳን አደረሰህ። ጭራው ተቀይሯል፣ ዕጣኑ ከማኅደሩ ውስጥ ነው። ቆዳው የክረምቱን እርጥበት ይዞ ልሟልና ፀሐይ ላይ አታስጣው፣ ይሰነጠቃል። ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚነካው ቦታ ስቀለው። ለመስቀል ይደርሳል፤ ባናዎቹን ይዘን እንመጣለን።