የመንገድ ላይ እርዳታ መግዛት ያዋጣል? ከአንድ ሌሊት በኋላ ያሰብኩት

በስደት አገር መኪና ከያዝኩ በኋላ ለሁለት ዓመት ያህል የመንገድ ላይ እርዳታ ሽፋን፣ ማለትም መኪና መንገድ ላይ ሲበላሽ መጥቶ የሚያስነሣ ወይም የሚጎትት አገልግሎት፣ አልገዛሁም። መኪናዬ አሮጌ ብትሆንም አስቸግራኝ አታውቅም፤ ብታስቸግረኝም የምጠራው ሰው ነበረኝ። ዘመዶቹን ትቶ የወጣ ሰው፣ ከቀናው፣ እንደ ወንድም የሚሆነው አንድ ሰው ያገኛል። እኔም አግኝቻለሁ። ታዲያ ለማላውቀው ድርጅት በየዓመቱ ገንዘብ የምከፍለው ለምንድን ነው ብዬ አስብ ነበር።

በበረዶው ወቅት አንድ ቀን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ከሥራ ወጥቼ ቁልፉን ሳዞር፣ መኪናዬ ጠቅ ጠቅ ከማለት በቀር አልነሣ አለች። በአካባቢው ማንም አልነበረም። ለጓደኛዬ ደወልኩ። «የት ነህ?» ብቻ ብሎ ዘጋው፤ ከ40 ደቂቃ በኋላ በሌሊት ልብሱ ላይ ካፖርት ደርቦ ደረሰልኝ። የሁለቱን መኪኖች ባትሪ በገመድ አገናኝተን አስነሣናት። እርሱ ከኋላዬ እየተከተለኝ ጉዞ ጀመርን። ፈጣኑ መንገድ ላይ ጥቂት እንደሄድን ግን መብራቶቹ እየደከሙ መጡ፤ ሞተሩም ጠፋ።

ችግሩ የባትሪው ብቻ አልነበረም፤ ዲናሞው ባትሪውን መሙላት አቁሞ ነበር። ዲናሞው የማይሞላ መኪና የሚሄደው ባትሪው ውስጥ የቀረችው ኃይል እስክታልቅ ድረስ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ይህን አላውቅም ነበር። መኪናው ውስጥ ተቀምጠን ምን እናድርግ ስንባባል፣ ትላልቅ የጭነት መኪኖች በአጠገባችን ባለፉ ቁጥር መኪናችን ይወዛወዝ ነበር። ይህን የማነሣው ሌላ ሰው እንዳይደግመው ነው፤ ፈጣን መንገድ ዳር በቆመ መኪና ውስጥ መቀመጥ ሕይወትን ያሳጣል። አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ፣ ተሽከርካሪ በማያልፍበት በኩል ወርዶ፣ ከመንገዱ የብረት አጥር ወዲያ ራቅ ብሎ መቆም ያስፈልጋል። እኛን እግዚአብሔር ጠብቆን ጎታች መኪና በስልክ አፈላልገን፣ የተጠየቅነውን ከፍለን ሊነጋ ሲል ቤታችን ገባን።

ጓደኛዬ በማለዳ ሥራ መግባት ነበረበት። ሳይገባ ቀረ። የዚያ ቀን ክፍያው እንደቀረበት የነገረችኝ ባለቤቱ ናት፤ እርሱ እስከ ዛሬ አንሥቶት አያውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ ቆጠብኩ ያልኩት ገንዘብ ከእርሱ እንቅልፍና ከእርሱ ኪስ ወጣ ማለት ነው። በዚሁ ስሜት በማግስቱ፣ ምንም ሳላወዳድር፣ ይህን እርዳታ ለአባላቱ የሚሰጥ የአንድ የአሽከርካሪዎች ማኅበር የዓመት አባልነት ከፈልኩ።

ከሁለት ወር በኋላ የመኪናዬ ኢንሹራንስ የሚታደስበት ጊዜ ደረሰና ውሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። መኪናዋን የገዛሁ ሰሞን በደንብ በማላነበው ቋንቋ የተጻፈ ብዙ ገጽ ወረቀት ተሰጥቶኝ፣ ፈርም ባሉኝ ቦታ ሁሉ ፈርሜ ነበር። አንደኛው መስመር ላይ «የመንገድ ላይ እርዳታ» ይላል፤ በትይዩው ደግሞ በየወሩ ስከፍለው የኖርኩት ትንሽ ገንዘብ ተጽፏል። ደጋግሜ አነበብኩት። ያን ሌሊት ሽፋን ነበረኝ! የሚጠራበት ስልክ ቁጥርም ኪሴ ውስጥ በነበረው የኢንሹራንስ ካርድ ጀርባ ላይ ታትሟል። ጓደኛዬን ከአልጋው ማስነሣት አያስፈልገኝም ነበር። አሁን ማንም ሰው ይህን ሽፋን ልግዛ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ በመጀመሪያ የምለው፣ ያሉህን ውሎች አውጥተህ አንብብ ነው። ማንበብ ካስቸገረህ የሚያነብልህ ሰው ፈልግ፤ ኢንሹራንሱ ዘንድ ደውለህ አስተርጓሚ መጠየቅም ነውር የለውም። አዲስ መኪና የገዛ ደግሞ አምራቹ ከዋስትናው ጋር ለተወሰኑ ዓመታት ይህንኑ አገልግሎት ሰጥቶት ሊሆን ይችላል። የጓደኛዬ መኪና እንዲህ ነበረች፤ መጽሐፏን አገላብጠን አገኘነው፤ እርሱም ሌላ ነገር መግዛት አላስፈለገውም።

እኔ ሁለት ሽፋን ይዤ ስለተገኘሁ አንዱን መተው ነበረብኝ። ማኅበራቱ የቆዩ ናቸው፤ በአሜሪካ ትሪፕል ኤ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1902 ቺካጎ ላይ፣ የጀርመኑ ኤዲኤሲ ደግሞ በ1903 በሽቱትጋርት በሞተር ብስክሌት ነጂዎች ተመሥርቷል። የማኅበር ሽፋን ብዙውን ጊዜ ሰውየውን ይከተላል፤ በሌላ ሰው መኪና ሲሄድም ያገለግለዋል። የኢንሹራንሱ ግን ውሉ ላይ የተጻፈችውን መኪና ነው የሚከተለው። ከሁሉም በላይ ያመዛዘንኩት የመጎተቻውን ርቀት ነበር። የእኔ ኢንሹራንስ መኪናዋን በነጻ የሚያደርሰው በአቅራቢያ እስካለው ጋራዥ ብቻ ነው። እኔ የምሠራው ከቤቴ በጣም ርቄ ነው፤ የማምነው መካኒክም ያለው በሰፈሬ ነው። በሌሊት የማላውቀው የተዘጋ ጋራዥ በር ላይ ተጥዬ ማደር አልፈልግም። ስለዚህ ረጅም ርቀት የሚጎትተውን የማኅበሩን ይዤ፣ ሌላውን ከኢንሹራንሱ አስሰረዝኩ። ሥራው ከቤቱ አሥር ደቂቃ ለሆነ ሰው የኢንሹራንሱ ይበቃዋል እላለሁ። እምብዛም የማይነዳና ጎታች ሲያስፈልግ ከኪሱ ቢከፍል የማይጎዳ ሰው ደግሞ አንዱንም ባይዝ አልፈርድበትም።

ሽፋኑ ጥገናውን አይከፍልም። የዲናሞውን ዋጋም የመካኒኩንም ድካም የከፈልኩት እኔው ነኝ። በዓመት ስንት ጊዜ መጥራት እንደሚቻልም ገደብ አለው። ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው የሚያገለግለው፤ ሙቀት ዕድሜውን ያሳጥረዋል፣ ብርድ ደግሞ ድካሙን ያወጣበታል። እኔም አሁን የተገጠመበትን ቀን ጽፌ እይዛለሁ። ስኮርታውንም አያለሁ፤ ለጊዜው ብቻ የምትሠራዋ ቀጭን ጎማ ከሆነች ብዙውን ጊዜ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት አይነዳባትም፣ ንፋሷም ከሌሎቹ ጎማዎች እጅግ የበለጠ መሆን አለበት። ብዙ አዳዲስ መኪኖች ጭራሽ ስኮርታ የላቸውም። በምትኩ የሚሰጣቸው የቀዳዳ ማሸጊያ ፈሳሽ ጎኑ የተቀደደ ጎማን አያድንም።

ባለፈው ወር በሌሊት ጎማዬ ፈነዳ። ጎማውን በስኮርታው መቀየር እችል ነበር፤ ነገር ግን ቦታው ጨለማና ጠባብ ስለነበረ ከአጥሩ ወዲያ ቆሜ ማኅበሩ ዘንድ ደወልኩ። ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅኩ፤ በጣም በረደኝ። ጎታቹ መጥቶ መኪናዬን ሰፈሬ ድረስ አደረሰልኝ።

ጠዋት ለጓደኛዬ ስነግረው ተቆጣ። «ለምን አልደወልክልኝም?»

«ተኝተህ ነበር» አልኩት።