ከድሬዳዋ ወደ ጉቤት ደሴቶች፦ ለአንድ ቀን የጀልባ ጉዞ

ከድሬዳዋ ጅቡቲ ወርዶ ዌል ሻርክ የሚባለውን ግዙፍ ዓሣ ማየት የሚፈልግ ሰው ጊዜውን ይምረጥ፤ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ነው። ባቡሩ ናጋድ (የጅቡቲ ባቡር ጣቢያ) ያደርሳል፤ ፓስፖርትና ቪዛ ቀድሞ ይያዝ።

ጀልባ በጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲበረታ ቁርስ ተመልሶ ይመጣል። የማቅለሽለሽ ኪኒን የሚሠራው ከመሳፈር አንድ ሰዓት በፊት ሲዋጥ ነው፤ ማስመለስ ከጀመረ በኋላ ከንቱ ነው። ጫት ቅሞ መሳፈርም (ድሬ ላይ ይህን መናገር ቢከብድም) አፍ ያደርቃል እንጂ አይረዳም። ለሰው 3 ሊትር ውሃ ይያዝ፤ እንደ ድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር የዛፍ ጥላ እዚያ የለም።

ዌል ሻርክ ግዙፍ ቢሆንም ምግቡ በአብዛኛው ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው፤ አፉን ከፍቶ አጣርቶ ይውጣቸዋል። ሰው አይበላም፤ የሚመታው ጭራው ነው። ከጎኑ 3፣ ከጭራው 4 ሜትር መራቅ ይበቃል። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ከኋላ ሲያሳድደው ነው፤ እግሩ ውሃውን ሲያንቦጫርቅ ዓሣው ይሰምጣል። ከፊቱ ራቅ ብሎ፣ በጎን በኩል ቀስ ብሎ ገብቶ ዝም ብሎ መንሳፈፍ ይሻላል። ነጫጭ ነጠብጣቦቹ በጭንብሉ መስታወት ፊት ለፊት አንድ በአንድ ያልፋሉ።

ጉቤት የባሕር ወሽመጥ ነው፤ መግቢያው ጠባብ ስለሆነ ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ውሃው እንደ ወንዝ ይሮጣል፤ ካፒቴኑ ቆይ ካለ አትቸኩሉት። እዚያ ውስጥ ያሉት፣ የሰይጣን ደሴቶች የሚባሉት፣ እሳተ ገሞራ የወለዳቸው ናቸው። አካባቢው ዛሬም አልተኛም፤ በአቅራቢያው ያለው የአርዱኮባ እሳተ ገሞራ የፈነዳው በ1971 ዓ.ም. ነው። የቀዘቀዘው ጥቁር ቅልጥ ዓለት እንደ ጠርሙስ ስብርባሪ ይቆርጣል። በሸበጥ አይወጣም፤ ሶሉ ወፍራም የሆነ ሽፍን ጫማ ይደረግ።