«እሳት አንድደሽ ታውቂያለሽ?»

ባለፈው እሁድ ደሴ ያለው የአክስቴ ልጅ በቪዲዮ ደወለ። ከኋላዬ እሳቱ ይንቦገቦጋል። ትንሽ ዝም ብሎ አየና «እታለም፣ አሜሪካም በእንጨት ነው እንዴ?» አለኝ። እህቴ ከጎኑ ብቅ ብላ ጨመረችበት። «እኛ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛን፣ አንቺ ወደ እንጨት ተመለስሽ? ታዲያ ኩታበር ምን አጎደለችብሽ!» ተሳሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ። ስልኩ ሲዘጋ ግን ያ ምድጃዬን ሊያይ መጥቶ የነበረው ልጅ ትዝ አለኝና እንደ አዲስ ተናደድኩ።

የምኖረው ሚኒሶታ ነው። ከደሴው ጦሳ ተራራ የሚወርደውን ንፋስ የቀመሰ ሰው ብርድ አውቃለሁ ይላል። እኔም እል ነበር። እዚህ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሲገባ ለካ ያ ብርድ ሳይሆን ሰላምታ ነበር! ቤቱ የሚሞቀው በጋዝ ነው፤ የጋዝ ሂሳቡ ሲመጣ ደግሞ ሌላ እሳት ነው። ሳሎን ውስጥ አሮጌ የጡብ ምድጃ ነበረኝ። አንድ ክረምት አነደድኩበት። ፊቴ ይለበለባል፣ ጀርባዬ ይንቀጠቀጣል። ለካ እንዲህ ያለ ክፍት ምድጃ ከእንጨቱ ሙቀት ለቤት የሚያተርፈው 10 ከመቶ ገደማ ነው። ሌላው በጭስ ማውጫው ሽቅብ ይሄዳል፤ በጋዝ የሞቀውንም አየር እየሳበ ይዞት ይወጣል። የኛ ሣር ቤት እንኳ ጭሱን በከንቱ አይሰድም። ክዳኑን አጥኖ፣ ተባዩን አባሮ ነው የሚወጣው።

መድኃኒቱ ኢንሰርት የሚሉት ነገር ነው። ባለ መስታወት በር የብረት ሣጥን ነው፣ አሮጌው ምድጃ ሆድ ውስጥ ይገባል። ከጣሪያ እስከ ሣጥኑ ባለ 6 ኢንች የማይዝግ ቱቦ በጭስ ማውጫው ውስጥ ይወርዳል። ከከተማው ፈቃድ ይወጣለታል፣ ተቆጣጣሪ መጥቶ ያየዋል፣ ለኢንሹራንስም ይነገራል። እሳት ለማንደድ ፈቃድ! ለእናቴ ስነግራት «ጎረቤት ሄደሽ ብትጭሪ አይቀልም?» አለችኝ። የጎረቤቴን ስም እንኳ አላውቅም፣ ምን ብዬ ልንገራት?

ሣጥኑ ገባ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መስታወቱ እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቆረ። እንጨቱ ይጨሳል፣ ይንሿሿል፣ አይነድም። ተጭበረበርኩ ብዬ ሣጥኑን ያስገባልኝ ድርጅት ጋ ደወልኩና እንግሊዝኛዬ እስኪያልቅ ጮህኩባቸው። ሃያ ዓመት መሙላቱን የምጠራጠረው ልጅ ላኩልኝ። በሩ ላይ ጫማውን አወለቀ፤ እዚህ ድረስ ወድጄው ነበር። ሣጥኑን አየ፣ ቱቦውን በባትሪ አየ። ከዚያ ቀና ብሎ «እሳት አንድደሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

እኔን! ጥርሴን ሳልነቅል ጭራሮ የለቀምኩትን! ኩበት የጠፈጠፍኩትን፣ እርጥብ ባሕር ዛፍ እፍ እያልኩ ዓይኔ የጠፋውን፣ ማታ ፍሙን በአመድ ዳፍኜ ጠዋት ከረመጡ ቡና ያፈላሁትን! እንግሊዝኛ ውስጥ አንቺና እርስዎ የለም ይሉኛል። እኔ ግን «አንቺ» ሲለኝ ነው የሰማሁት።

አፌን ሳልከፍት ከኪሱ ሁለት መርፌ ያላት ትንሽ መሣሪያ አወጣ። አንዱን ፍልጥ እንደገና ፈለጠና ውስጡን ወጋው። 34 አለ። እንጨት በደንብ ለመንደድ እርጥበቱ ከ20 ከመቶ በታች መሆን አለበት። ያንቺ ኦክ የሚባለው ዛፍ ነው አለኝ፤ ተፈልጦ ሁለት ዓመት ሊያስጠብቅ ይችላል። «ውሃ እያነደድሽ ነው።»

ያረቢ! የሞትኩት እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ልጁ እውነቱን ነው። አገሬ ብሆን ሁለት ፍልጥ አጋጭቼ ድምፁን ሳልሰማ ሸክም እንጨት አልገዛም። ደረቁ ጥርት ብሎ ይጮሃል፣ እርጥቡ ድም ይላል። እዚህ ግን ሰውየው በፒካፕ ጭኖ መጥቶ «ደረቅ ነው» ሲለኝ ዝም ብዬ ቆጠርኩለት። ፈረንጅ በእንጨት አይዋሽም ብዬ መሰለኝ።

ልጁ በዚህ አልበቃውም። መኪናው ውስጥ ደረቅ እንጨት ነበረው፤ ላሳይሽ ብሎ ተንበረከከ። ወፍራሙን ከታች ደረደረ፣ ቀጭኑን ከላይ፣ ጭራሮውን ከሁሉም በላይ። ከላይ ለኮሰው። ሳቄ መጣ፤ እሳት ቁልቁል ሲነድ ማን አይቷል? ያለ ጭስ ነደደ። መስታወቱም ጠራ። እኔ ቆሜ፣ እሱ ተንበርክኮ፣ የተማርኩት ግን እኔ ነኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

እርጥቡ እንጨት ጦሱ መስታወት ማጥቆር ብቻ አይደለም። ጥላሸቱ ቱቦው ውስጥ እንደ ሬንጅ ይጋገርና አንድ ቀን ቱቦው ራሱ እሳት ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ በዓመት አንዴ ጠራጊ ይመጣል። ከፍለሽ ነው፣ እሱንም።

እናንተ ለመምጣት የተነሳችሁ፣ ፎቶዬን አይታችሁ «እሷማ እሳት እየሞቀች» አትበሉ። መጀመሪያ የምትገቡት አፓርታማ ነው፤ የእንጨት ምድጃ ቢኖረው እንኳ ብዙ ጊዜ መንካት አይፈቀድላችሁም። አደራ ደግሞ፣ ቡና አማረን ብላችሁ ከሰል ቤት ውስጥ እንዳታቀጣጥሉ። የኛ ቤት በግድግዳውም በክዳኑም ይተነፍሳል፤ የዚህ ቤት በብርድ ምክንያት ድፍን ነው። የከሰሉ ጋዝ ሽታ የለውም፣ እንቅልፍ ነው የሚመስለው፣ ግን ይገድላል። ጀበናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍሉት። በረካው ላይ ትንሽ ቅር ይላችኋል፣ ቻሉት።

የዚያኑ እሁድ ማታ እናቴ ራሷ ደወለች። እነዚያ ነግረዋት ኖሯል፣ እሳቱን አሳዪኝ አለች። አሳየኋት። «ሌሊት ታጠፊዋለሽ?» አለች። የለም እማ፣ ፍም ሲሆን ይቺን ዘንግ ገፋ አድርጌ አየሩን እቀንስለታለሁ፣ ጠዋት ረመጥ ይጠብቀኛል። ሙሉ ለሙሉ ግን አይዘጋም፣ ጥላሸት ያበዛል አልኳት። የልጁን ቃል ነው እንደ ራሴ የተናገርኩት።

«እሱማ መዳፈን ነው» አለች። «ስንት ከፈልሽበት?»

መስመሩ ተቆራረጠብኝ አልኳት።