ካይዘን ማዕድ ቤት ገባ

ሰው በሙያው ያገልግል ይባል የለ? እኔም በሙያዬ ላገልግል ብዬ ነው የተነሣሁት። ፋብሪካ ውስጥ የካይዘን ቡድን አስተባባሪ ነኝ። ካይዘን ከጃፓን የመጣው የአሠራር ማሻሻያ ነው፤ እኛ አገር በ2004 ዓ.ም ኢንስቲትዩት ከተቋቋመለት ወዲህ ብዙ መሥሪያ ቤት ሰሌዳ አሰቅሏል። መጀመሪያው አምስቱ «ማ»ዎች ናቸው፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። እኛ ማጣራት ላይ ደርሰን ነበር። ሌላውን እሳት በላው።

የምንሳለመው ደብር ሚካኤል ነው። ኅዳር 12 ሲነግሥ ካህናቱ፣ እንግዳው፣ ነዳያኑ ሁሉ ይበላል። የሚያበሉት እናቶች ናቸው፣ በነጻ፤ አለቃቸው ደግሞ እማሆይ። በበዓል ቀን ማዕድ ቤቱን ያየ ያውቀዋል። ጭስ፣ ጩኸት፣ «ጨው ያደረገ አለ?» የሚል አንድ ጥያቄ፣ «እኔ አድርጌያለሁ» የሚሉ ሦስት መልሶች። የሰበካ ጉባኤው ምክትል ሊቀመንበር አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያዙኝና «አንተ ፋብሪካ የምታስተካክል ሰው፣ ይሄን ማዕድ ቤት አታስተካክልልንም?» አሉኝ። እሺ ሳልል እቅዱ ጭንቅላቴ ውስጥ አልቋል።

መጀመሪያ ሰሌዳ። ሁለት የባሕር ዛፍ ምሰሶ ተከልኩ፣ ኮምፔርሳቶ መታሁበት፣ ነጭ ቀለም ቀባሁት፤ ራእይ፣ ግብ፣ የሥራ ክፍፍል በሦስት ቀለም ጻፍኩበት። እማሆይ መጥተው ቆመው አዩት።

«ማስታወቂያው ለማን ነው?»

«ለእናንተ ነው እማሆይ፣ የሥራ ድርሻችሁ ነው።»

«ድርሻዬንስ አውቀዋለሁ ልጄ» አሉና ምሰሶውን ነካ ነካ አድርገው «ጥሩ እንጨት ነው» ብለው ሄዱ።

በዋዜማው ጠዋት የቁም ስብሰባ ጠራሁ። ፋብሪካ ውስጥ 5 ደቂቃ ነው የሚፈጀው። እዚህ ያለ ጸሎት አይጀመርም ተባለ፣ ልክ ነው፤ አንድ አባት ተጠሩ። ጸሎት ካደረሱ አይቀር ትንሽ ቃል ያካፍሉን ተባለ። ማርታ በሥራ ብዛት ስትባክን ማርያም እግሩ ሥር ተቀምጣ መስማቷን አስተማሩ፣ ያውም ሦስት ጆንያ ሽንኩርት ለሚጠብቃቸው እናቶች። ትምህርት ካለ ደግሞ መዝሙር አይቀርም። የእኔ ተራ ሲደርስ የቁም ስብሰባው ሁሉ ተቀምጧል። «የዛሬው ግባችን...» ብዬ አፌን ስከፍት አባታችን «እንግዲህ በሰላም ወደየሥራችሁ» ብለው አሳረጉ።

ሽንኩርቱ ላይ ግን ተስፋ ነበረኝ። እናቶች ክብ ሠርተው ነው የሚልጡት። አንዷ ለውኃ ስትነሣ ሁሉም እግር ይሰበስባል፣ ቢላ ከእጅ እጅ ይዞራል፣ ልጣጩ መሐል ይከመራል። በፋብሪካ ዓይን ጥርት ያለ ብክነት ነው። በረድፍ አስቀመጥኳቸው፦ ከጆንያው ላጭ፣ ከላጭ አጣቢ፣ ከአጣቢ ከታፊ። እንዴት እንደሚያምር! ግን ጸጥ አለ። ከዚያ ዳር ያሉት እናት «ለመሆኑ ያቺ ልጅ ተዳረች ወይስ ቀረ?» ብለው ጠየቁ። ማዶ ያሉት አልሰሙም፣ መሐል ያሉት ተቀብለው አስተላለፉ፣ ወሬው ረድፉን ጨርሶ እስኪደርስ ልጅቷ ተድራም ወልዳም ተፋትታለች። ይሄን ለማረም አንዷ በርጩማቸውን ይዘው ተነሡ፣ ሌላዋ ተከተሉ። ውኃ ጠጥቼ ስመለስ ክቡ እንደነበረ ሆኗል፣ ሽንኩርቱም ተጋምሷል። ደሞዝ የሌለውን ሰው በምን ትቀጣዋለህ? ከሥራ አግጄሃለሁ ብትለው «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ቤቱ ገብቶ ይተኛል።

ቀረኝ ቀይ ካርድ። ማጣራት ማለት የማያስፈልገውን ዕቃ ቀይ ካርድ ለጥፈህበት ለብቻ ማውጣት ነው። ከሰዓት በኋላ ማዕድ ቤቱን አንድ በአንድ አየሁት። ጠርዙ የተነጨ ሰፌድ፣ የጠቆረ ኬሻ፣ እግሩ የሚንቀጠቀጥ በርጩማ፣ ሰው የሚያክሉ ሁለት ያረጁ ማማሰያዎች። የካይዘንን ጥያቄ ጠየቅሁ።

«እማሆይ፣ በዚህ ማማሰያ ለመጨረሻ ጊዜ የተጠቀሙት መቼ ነው?»

«ሰኔ ሚካኤል።»

«ከዚያ ወዲህ አልተነካም ማለት ነው?»

«ሚካኤል በዓመት ሁለቴ ነው የሚነግሠው ልጄ። በየሳምንቱ ላንግሠው?»

መልሱ ቅጹ ላይ የሚገባበት ቦታ የለም። ካርዱን ለጠፍኩ። እማሆይ ተከራክረው ጊዜ ማባከን አልፈለጉም መሰለኝ፣ «ይሁን፣ ደጅ ይደር፣ ጠዋት አስገባዋለሁ» አሉ። ዕቃውን አጥሩ ጥግ ከመርኩ፣ ዙሪያውን ገመድ አሰርኩ። ካርዱ ላይ በትልቁ «አያስፈልግም» ይላል። ከሥሩ በትንሹ «ውሳኔ እስኪሰጥበት እስከ ኅዳር 20 ይቆይ» ይላል።

የረሳሁት ነገር አለ እንዴ? እቅዱ ላይ «ስጋት» የሚል ሣጥን አለ፣ ሞልቼዋለሁ። «ዝናብ» ብዬ። በኅዳር።

በ1911 ዓ.ም የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ከፈጀው ወዲህ አዲስ አበባ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻዋን ሰብስባ ታቃጥላለች። ኅዳር ሲታጠን የማያውቅ የሸገር ልጅ የለም። ጠዋት ስደርስ ከተማው በጭስ ታፍኗል፤ ከየደጁ ይጨሳል። ከኛ ግቢም ይጨሳል። ከአጥሩ ጥግ። ጠጋ ስል ገመዱ ተፈትቶ በሥርዓት ተጠቅልሎ ተቀምጧል፣ ጥበቃው በረጅም እንጨት እሳቱን ይቆሰቁሳሉ፣ አንድ ቀይ ካርድ እየተጠቀለለ ይጠቁራል።

«ጋሼ! ምን አደረጉ?»

«ምነው? አያስፈልግም ይላል እኮ።»

«ከሥሩስ?»

«መነጽሬን አልያዝኩም።»

ማዕድ ቤት ስገባ ትልልቆቹ ድስቶች እሳት ላይ ናቸው፣ ቁሌቱ ሊይዝ ደርሷል። አንዷ እናት በጭልፋ ሊያማስሉ ሞክረው ክንዳቸውን እንፋሎት ገርፏቸው ወደ ኋላ ብለዋል። እንጨት ቤት ልሩጥ አልኩ፤ ገና አልከፈተም። አካፋ አለ ያለም ነበር፣ ሁሉም ዘወር ብሎ አየውና ዝም አለ። እማሆይ አልጮኹም። አንገታቸውን በበሩ አስግገው ውጭ አዩ።

«ያ እንጨት ደረቅ ነው አይደል?»

«የቱ?»

«ማስታወቂያህን የተሸከመው።»

ሁለት ወጣቶች ሰሌዳዬን ነቀሉት። ምሰሶዎቹ ከአፈር የገባው ጫፋቸው ተቆረጠ፣ በመጥረቢያ ተጠረቡ፣ በፈላ ውኃ ታጠቡ፣ ድስት ውስጥ ገቡ። በእውነቱ ሲያማስሉ ግሩም ናቸው፤ ርዝመታቸውም ከአሮጌዎቹ ይሻላል። ኮምፔርሳቶው ተገልብጦ ንጹሕ አንሶላ ለበሰና ዳቦ ተቆረሰበት። እኔ የማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ስንገላወድ እማሆይ አዩኝና ጆግ አስያዙኝ፤ እስኪመሽ እጅ ሳስታጥብ ዋልኩ።

እኔ ግን እስካሁን ውጤቱን በካይዘን ነው የምመዘግበው። ያለ ተጨማሪ ወጪ ሁለት ማማሰያ ተገኝቷል፣ ማዕድ ቤቱም ሰፍቷል። ምክትል ሊቀመንበሩም እንደኔው ሳይረዱት አልቀሩም፤ የበዓሉ ግምገማ ላይ «ለሰኔ ሚካኤልም ሰሌዳ ይተከል» አሉ። እማሆይ ከኋላ ወንበር እጃቸውን አወጡ።

«ይተከል፣ ጥሩ ነው። ምሰሶው ግን ወይራ ይሁን።»