ቁጥቧ ሠዓሊ

እንግዳችን፣ አውደ ርዕይ የሚያሰናዳ ባለሙያ (ኪውሬተር)፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን ሥዕሎች አንድ በአንድ እየተጠጋ አየ። እያንዳንዷ መዳፍ ብታክል ነው። ቀለማቸው ሁለት ብቻ፤ ጥቁርና ቡናማ። አብዛኛው ቦታ ባዶ ነው። ከወረቀቱ ጀርባ ደብዘዝ ብለው የሚታዩ ቀጫጭን መስመሮችን በጣቱ እያሳየ በእንግሊዝኛ ብዙ ተናገረ። እኔ ለልጅቷ አሳጥሬ ተረጎምኩላት።

«ቁጥብነትሽን በጣም ወዶታል። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ራሱን የሚገታ ሠዓሊ አላየሁም ነው የሚለው።»

ልጅቷ ነጠላዋን ወደ አፏ ጎተት አድርጋ ሳቀች። ያፈረች መሰለኝ።

እንግዳውን ሸኝቼ ስመለስ የግቢያችን ጥበቃ በሩ ላይ ቆመዋል። ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። የማዕከሉን ወሬ ከእኔ ቀድመው ነው የሚያውቁት።

«ፈረንጁ ወደዳት?»

«በጣም እንጂ ጋሼ! ቁጥብነቷን አደነቀ።»

«የምን ቁጥብነት ነው ልጄ? መግዣ አጥታ እኮ ነው። እኔ እንኳ እስካሁን 1,800 ብር አበድሬያታለሁ።»

እዚያው ቀረሁ።

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ አነስተኛ የሥነ ጥበብ ማዕከል ነው። የሬዚደንሲ ፕሮግራሙን የማስተባብረው እኔ ነኝ። ሬዚደንሲ ማለት ባጭሩ፣ ሠዓሊው ለተወሰነ ጊዜ ስቱዲዮ ይሰጠዋል፣ አበል ይቆረጥለታል፣ የቀለምና የሸራ ወጪው ይሸፈንለታል። ጀማሪ ሠዓሊ የቤት ኪራይ ለመክፈል ማስታወቂያ ቤት ባነር ሲሠራ ነው የሚውለው። ማታ ደክሞት ይገባል፣ ሸራው እንደተወጠረ ያድራል። ሦስት ወር ሙሉ ሌላ ሐሳብ ሳይኖርበት መሣል ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ሎተሪ ነው።

ለለጋሹ ድርጅት ፕሮፖዛሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያልጠቀስኩት የለም። ኒው ዮርክ ያለውን ስቱዲዮ ሙዚየም ኢን ሃርለምን ጠቀስኩ። እ.ኤ.አ. በ1968 የተከፈተው ይህ ሙዚየም ስሙ ላይ «ስቱዲዮ» የሚል ቃል ያለው፣ ሠዓሊዎች እዚያው ስቱዲዮ ተሰጥቷቸው እንዲሠሩ ስለታሰበ ነው። አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱ እ.ኤ.አ. በ2000 እና 2001 እዚያ ሠርታለች። አፈወርቅ ተክሌንም አልተውኳቸውም። እ.ኤ.አ. በ1947 የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ እንግሊዝ ተልከው፣ ሠዓሊ ሆነው ነው የተመለሱት። የነጻ ትምህርት ዕድል ባይኖር ኖሮ እያልኩ ተራቀቅኩ። ገንዘቡ ተፈቀደ።

የማመልከቻ ጥሪው ላይ ደግሞ በትልቁ «ለሁሉም ክፍት ነው» ብዬ ጻፍኩ። ሴቶች፣ ከክልል የሚመጡ፣ አካል ጉዳት ያለባቸው፣ የሥዕል ትምህርት ቤት በር ያልረገጡ ሁሉ ይበረታታሉ የሚል አከልኩበት። አንዲት አመልካች ደውላ የአምስት ወር ልጇን ይዛ መምጣት ትችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። «እናስብበታለን» አልኳት። አላሰብንበትም። እሷም ደግማ አልደወለችም።

አራት ሠዓሊዎች ተመረጡ። ሦስቱ ከአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት የተመረቁ የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው። አራተኛዋ ከወልዲያ ናት። ሥዕል የተማረችው ታፔላ ከሚጽፍ አጎቷ ነው። የላከችው ፖርትፎሊዮ በስልክ የተነሱ ስድስት ፎቶዎች ነበር፤ በቴሌግራም፣ አንዱ የተገለበጠ። ዳኞቹ አመነቱ። እኔ ተከራክሬ አስገባኋት። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን በራሴ ኮርቼ ነው ቤቴ የገባሁት።

አከፋፈላችን እንዲህ ነበር። ለእያንዳንዱ ሠዓሊ በወር 12,000 ብር አበል፤ የሚከፈለው ወሩ ካለቀና ሪፖርት ከገባ በኋላ ነው። ለቁሳቁስ ደግሞ በአጠቃላይ 40,000 ብር። ሠዓሊው ከኪሱ ይገዛል፣ የማሽን ደረሰኝ ያመጣል፣ የሒሳብ ማወራረጃ ቅጽ ሞልቶ ያስገባል፣ ከዚያ ይመለስለታል። ከ5,000 ብር በላይ ከሆነ ሦስት ፕሮፎርማ። ቅጹን ያዘጋጀሁት ራሴ ነኝ። ለአራቱም ጥራዝ ጥራዝ አድርጌ አደልኳቸው።

ሦስቱ ምንም አልከበዳቸውም። አንዱ አባቱ ገዛለት። አንዷ ከዚህ በፊት ሥዕል ሸጣ የያዘችው ነበር። ሦስተኛው ፒያሳ የሚያውቀው የጽሕፈት መሣሪያ መደብር በዱቤ ሰጠው፤ ደረሰኙንም አብሮ።

ያን ዕለት ከጥበቃው ጋር ካወራሁ በኋላ ወደ ስቱዲዮዋ ተመለስኩ። ልጅቷ ወለሉን እየጠረገች ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እርስዎ ደግሞ ስንት ሥራ አለብዎት ብዬ ነው። ተመርጬ መምጣቴ ራሱ ትልቅ ነገር ሆኖ ሳለ፣ ደግሞ ገንዘብ ስጡኝ ልበል?»

«አንቺ በይኝ» ካልኳት ሁለት ወር ሊሞላ ነው። አንድም ቀን አልሆነላትም። እንዲህ ያለ ይሉኝታ ያላት ልጅ ገንዘብ ትጠይቃለች ብዬ መጠበቄ ነው የገረመኝ።

ቀስ በቀስ ሁሉንም ነገረችኝ። የመጀመሪያው ወር አበል የደረሳት በ43ኛው ቀን ነው። ቲን ነምበር የላትም ተብሎ ፋይናንስ ሰነዷን መልሶት ነበር። በዚያ ላይ የምትፈልጋቸው ዕቃዎች ያሉት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው፤ የዛገ ቆርቆሮ፣ የተቀደደ ኬሻ፣ ያረጀ ሽቦ። እዚያ ማን ነው የማሽን ደረሰኝ የሚቆርጥ? አንዱን ሻጭ ደረሰኝ ብትጠይቀው «እህቴ፣ ከቀረጥ ነሽ እንዴ?» ብሎ ዕቃውን ከእጇ ቀማት።

«ቡናማው ቀለምስ?» አልኳት።

«የቡና አተላ ነው። ጥቁሩ ጥላሸት።»

«ወረቀቱስ?»

ዝም አለች። ከግድግዳው አንዱን ነቅላ ገልብጣ ሰጠችኝ። የሒሳብ ማወራረጃ ቅጽ ነው፤ አራት ቦታ ተቀድዶ። እንግዳው ያደነቃቸው ቀጫጭን መስመሮች የሰንጠረዤ ዓምዶች ናቸው። ተራ ቁጥር፣ የዕቃው ዓይነት፣ ብዛት፣ የአንዱ ዋጋ። ሌላ ምን ታድርግበት? የምታወራርደው የላትም።

አሁን ገባኝ ለምን እንደሳቀች።

በማግስቱ ጠዋት የፋይናንስ ኃላፊያችን ቢሮ ገባሁ። ለጠብ ተዘጋጅቼ ነው የገባሁት። ሠዓሊውን ኤሊያስ ስሜን ታውቀዋለህ ወይ አልኩት። በዓለም የታወቁት ሥራዎቹ የተሠሩት ከመርካቶ ከተገዙ የኮምፒውተርና የስልክ ስብርባሪዎች፣ ሽቦና ቁልፎች ነው። እሱ እኛ ዘንድ ቢያመለክት ኖሮ በየትኛው ደረሰኝ እናወራርድለት ነበር?

ሰውየው ክፉ አይደለም። ረጋ ብሎ አዳመጠኝ። «ኦዲተር ሲመጣ የሚጠየቀው ኤሊያስ ስሜ አይደለም፤ እኔ ነኝ» አለ። ይሄ መቼም ሐሰት አይደለም። እኔም ደረሰኙ ይቅር አላልኩም።

ነገሩን የፈታው የሚያስቅ አጋጣሚ ነው። እየተከራከርን ሳለ ሾፌራችን ገባ። ወደ ጅማ የመስክ ሥራ አለበት። የሦስት ቀን አበሉንና የነዳጅ ገንዘቡን ቆጥሮ ተቀበለ፣ ፈረመና ወጣ። እሱ ገንዘቡ ሳይገባ ሞተር አያስነሳም፣ ልክም ነው። እኔና ኃላፊው ተያየን።

«ለሱ ቅድመ ክፍያ አለ አይደል?» አልኩት።

«መመሪያው ላይ አለ።»

«ለሠዓሊስ ክልክል ነው?»

መመሪያውን አወጣ። ሠዓሊ የሚል ቃል የለበትም፤ አይፈቀድምም አይልም። ደረሰኝ በማይገኝበት ቦታ ለሚደረጉ አነስተኛ ግዢዎች ደግሞ ሻጩ ስሙንና ስልኩን ጽፎ የሚፈርምበት ቅጽ ነበረ። ሾፌሮቹ ገጠር ጎማ ሲያስለጥፉ ይጠቀሙበታል። የዕቃው ፎቶም ይያያዝበት ተባባልን። ለለጋሹ ኢሜይል ጻፍኩ፤ የሁለት መስመር መልስ መጣ፣ ችግር የለውም የሚል። በጠቅላላው ሁለት ቀን ነው የፈጀው። እሷ የጠበቀችው ሰባት ሳምንት ነው።

ገንዘቡ በገባላት ቀን መጀመሪያ ያደረገችው ለጥበቃው 1,800 ብራቸውን መመለስ ነው። አንቀበልም ብለው ብዙ አጨቃጨቋት። ከዚያ አምስት ሜትር አቡጀዲ ገዛች፣ ከምናለሽ ተራ ሁለት ጆንያ ሙሉ ዕቃ አመጣች። ሌሊቱን ሁሉ መዶሻ ሲመታ ይሰማል ይሉኝ ነበር ጥበቃው።

እዚህ ላይ ሥራዋ ድንቅ ሆነ ብዬ ብጨርሰው ደስ ባለኝ። አልሆነም። በሕይወቷ እንዲያ ያለ ትልቅ ነገር ሠርታ አታውቅም። ሽቦው አቡጀዲውን ቀደደው፣ ቀለሙ ከቆርቆሮው ላይ ተላጠ። እንዲህ ዓይነት ነገር ተሳስተው፣ አፍርሰው፣ እንደገና ሠርተው ነው የሚማሩት፤ ሦስት ወር የተሰጠውም ለዚያ ነበር። የቀራት አምስት ሳምንት ነው። ላራዝምላት ሞከርኩ፤ ስቱዲዮው ለሚቀጥለው ሰው ቃል ተገብቶበታል። በመዝጊያው አውደ ርዕይ ትንንሾቹን አሳየች። ሦስቱ ተሸጡ። ገዢዎቹ ጀርባውን ሲያዩ ምን እንዳሉ አልሰማሁም።

ትልቁን ጠቅልላ የወልዲያ አውቶቡስ ጣራ ላይ አስጭና ሄደች። ከጥቂት ወራት በኋላ በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። አቡጀዲው የአጎቷ ሱቅ ግድግዳ ላይ ተወጥሯል፤ ግማሹ ፈርሶ እንደገና ተሰፍቷል። ከሥሩ «ሥጋ ቤት» የሚል ታፔላ ተደግፎ ይታያል፤ «ቤት» ገና አልተቀባም።

ለሚቀጥለው ዙር የማመልከቻ ቅጹን ስናስተካክል አንድ ጥያቄ ጨመርኩ። «የመጀመሪያው ክፍያ በየትኛው ቀን ቢደርስዎ ይመቻል?» ከሻሸመኔ ያመለከተ አንድ ወጣት ቦታው ላይ አንድ ቃል ብቻ ነው የጻፈው።

«ትናንት።»