ዕቃው የማን ነው?

ከገና ወዲህ ቤቱ ጠቦኛል። ሰው አልተጨመረ፣ ግድግዳው ወደ ውስጥ አልገባ። ግን ከሳሎን ወደ ጓዳ ስገባ ክንዴ አንድ ነገር ሳይነካ አያልፍም፤ ልጆቹ ጠዋት ጠዋት ደብተር ፍለጋ ይነታረካሉ፤ እኔም ወጥ ጥጄ ጭልፋ ስፈልግ ሽንኩርቱ ያርራል። ከሥራ ስመለስ በሩ ላይ ትንሽ እቆማለሁ። መግባት ይደክመኛል።

ጥምቀት ደግሞ ደረሰ። ለጥምቀት ጎንደር ውስጥ እንግዳ የማይጠብቅ ቤት ያለ አይመስለኝም። ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳር፣ ከደባርቅ፣ ከመተማ ዘመድ ይመጣል፤ «ሆቴል ይዣለሁ» ያለ ሰው ደግሞ እማዬን ዓመት ሙሉ አስቀየማት ማለት ነው። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርዱ የኛ ቤት ወለል በሙሉ ፍራሽ ይሆናል። ዘንድሮ ወለሉን ዕቃ ይዞታል። ስለዚህ ቤቱን ላስተካክል ተነሣሁ።

ስልኬ ላይ ስለ ቤት አያያዝ የሚያስተምሩትን ሰዎች አያቸዋለሁ፤ ብዙውን ምክራቸውን እወደዋለሁ። አንዱ ግን ለኛ ቤት አይሆንም። «ዓመት ሙሉ ያልነካሽውን አውጪው» ይላሉ። በዚህ ብሄድ መጀመሪያ የሚወጣው ጋኑ ነው፤ የጠላ ጋን በየሳምንቱ አይነካም። ቀጥሎ ትልቁ ብረት ድስት፣ ቀጥሎ አገልግሉ፣ ቀጥሎ ከግድግዳው ሥር የተደረደሩት ጀሪካኖች። ጀሪካን ባዶውን ሲታይ ቦታ ከመያዝ በቀር ምንም የማይሠራ ይመስላል። ቧንቧው በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ግን አንድ ጀሪካን ያወጣ ሰው ውሃ በጠፋበት ቀን ያለቅሳል። ስለዚህ የራሴን ጥያቄ አወጣሁ፦ ይህ ዕቃ ነገ ቢያስፈልገኝ ከየት አገኘዋለሁ? ከጎረቤት ወይም ከእድሩ ከሆነ፣ ቤቴ ውስጥ መኖር የለበትም።

እድሩን ያስታወስኩት እዚህ ላይ ነው። እድራችን ድንኳን አለው፣ አግዳሚ አለው፣ ድስትና ሳህን፣ ትሪና ብርጭቆ አለው። ከዚህ ቤት ሐዘንም ድግስም ሲኖር የሚመጣው የእድሩ ዕቃ ነው። ታዲያ ቡፌው ውስጥ ለሠላሳ ሰው የሚበቃ ሳህን ለምን ተቆልፎ ይቀመጣል? እኛ በየቀኑ የምንበላው ጠርዙ በተሸረፈው ትሪ ነው፤ ደህናው መስታወት ውስጥ ሆኖ ያየናል። እማዬን ለመንኳት፤ ግማሹ ወርዶ አሁን እንበላበታለን። ትልልቆቹን ጎድጓዳ ሳህኖች ደግሞ ወደፊት ለእድሩ እንስጥ አልኳት። ዝም አለች። ዝምታዋ እሺ ይሁን እምቢ እስካሁን አልለየሁትም።

ከማድ ቤት መጀመር ጥሩ ነው። ለድስት ክዳን ማንም አያለቅስም። ሁሉንም አውጥቼ ጓሮ ላይ ሰሌን ዘርግቼ ደረደርኩት። ክዳን የሌለው ዕቃ፣ ዕቃ የሌለው ክዳን፣ እጀታው የወለቀ ብረት ድስት፣ ታጥበው ታጥበው የተቀመጡ ሃይላንዶች። ፀሐይ ላይ ሲታይ ሰው ራሱ ይፈርዳል፤ ጓዳ ጨለማ ውስጥ ሁሉም የሚያስፈልግ ይመስላል። ለዘይትና ለንጥር ቅቤ የሚሆኑትን ጥቂት ሃይላንዶች አስቀርቼ የቀረውን ፕላስቲክና ብረት የሚገዙት ልጆች ወሰዱልኝ። ከዚያ መደርደሪያውን አጥቤ መለስኩ፦ በየቀኑ የሚነካው ከወገብ እስከ ዓይን ባለው ከፍታ፣ ከባዱ ከታች፣ የዓመት በዓሉ ከላይ። ሽሮውና በርበሬው ከማዳበሪያ ወጥተው ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ ገቡ፤ አይጧ ከማዳበሪያው ጋር ነበር ወዳጅነቷ። ማስቀመጫ የገዛሁት ካወጣሁና ከለየሁ በኋላ ነው። ቅዳሜ ገበያ መጀመሪያ ብሄድ ኖሮ ሳጥኖቹም ራሳቸው ሌላ ዕቃ ሆነው ይመጡ ነበር።

ልብሱ ከባድ ነው። ከአልጋ ሥር የወጣውን ሻንጣ ስከፍት የልጆቹ የሕፃንነት ልብስ ነው፤ አብዛኛው ምንም ያልሆነ። ሥሩ ላይ የተጣጠፈ ጋቢ ነበር። ዘርግቼ ወደ ብርሃን ሳነሣው ጥለቱ ደህና ነው፤ መካከሉን ግን ብል ወንፊት አድርጎታል። እማዬ ጣቷን በቀዳዳው አሳልፋ አየችው። «የፈተልኩት እኔ ነኝ» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ጋቢ በየጊዜው ፀሐይ ካልመታው፣ ክረምቱን በላስቲክ ሻንጣ ታፍኖ ከከረመ፣ ይኸው ነው የሚሆነው። ለሚበርደው ሰው ቢሰጥ ኖሮ ዛሬ አንድ ሰው ላይ ይሞቅ ነበር። የልጆቹን ልብስ የዚያኑ ዕለት ከታች ቤት ላለችው አራስ ላክሁት። ልዋጭ ለሚለው ሰው የሰጠሁት ለሌላ ሰው የማይሆነውን ብቻ ነው፤ ደህና ልብስ በአንድ የላስቲክ ሳፋ መለወጥ ሆዴን አይሞላውም።

ከዚያ የቡፌው መሳቢያ። የሞቱ ባትሪዎች፣ የድሮ የኖኪያ ቻርጀር፣ ግማሹ የተቃጠለ ጧፍ፣ ጊዜው ያለፈ የሳል ሽሮፕ፣ የማን ሠርግ እንደሆነ የማናስታውሰው የጥሪ ወረቀት፣ የእድር ደብተር፣ በክር የታሰሩ ቁልፎች። ቁልፎቹን አንድ በአንድ በየበሩና በየሳጥኑ ሞከርኳቸው። ከሁለቱ በቀር የገጠመ የለም፤ ግን እማዬ «ተዪው፣ አንድ ቀን ይታወቃል» አለች፣ ተውኩት። መድኃኒቱን ለየሁት፤ ፋርማሲ ወስጄ እጠይቃለሁ። ሕፃን ባለበት ቤት ያረጀ መድኃኒት በመሳቢያ መኖር የለበትም፤ ሌላው ሁሉ ቢቆይ ይህ አይቆይም።

ከመሳቢያው ሥር የአባባ ደረሰኞች ናቸው። የመብራት፣ የውሃ፣ የግብር። በየዓመቱ ለይቶ በሲባጎ አስሯቸዋል፤ በእያንዳንዱ እሽግ ላይ ዓመተ ምሕረቱን በእስክሪብቶ ጽፎ ከሥሩ «ተከፍሏል» ብሎ አስምሮበታል። ስለ ወረቀት የማውቀው አለ፦ የቤቱ ካርታ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የልጆቹ የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ማስረጃ አንድ ላይ ውሃ በማያስገባ ቦርሳ ይሁኑ፤ እሳት ቢነሣ አንድ ሰው በአንድ እጁ አንሥቶ የሚወጣው። በስልክም ፎቶ ይነሡ። ያንን አደረግሁ። የድሮ የመብራት ደረሰኝ ግን ምን ይሁን? ለማንም አይጠቅምም። «ተከፍሏል» የሚለውን ጽሕፈት አየሁትና መልሼ አሰርኩት።

እዚህ ላይ ሥራው ቆመ፤ ሐሳቡ ግን ቀጠለ። ቤታችን ውስጥ የሞላው ዕቃ አብዛኛው የእኔ አይደለም፣ የእማዬም አይደለም። የታላቋ እህቴ የኮሌጅ ደብተሮች ናቸው፤ የአጎቴ ሬዲዮ ነው፤ የአባባ ነው፤ የአያቴ ነው። ሁሉም ሄደዋል፤ ያገቡት አግብተው፣ የሞቱት ሞተው። ዕቃቸውን የምንጠብቀው የቀረነው ነን።

አያቴ ምንም አትጥልም ነበር። የጎበጠ ምስማር አቃንታ ጣሳ ውስጥ ታኖር ነበር። ንፍገት ይመስለኝ ነበር ልጅ ሆኜ፤ ግን እኮ ለሰው ስትሰጥ እጇ ሰፊ ነበር። አሁን ሳስበው ይህ ከተማ ብዙ የተዘረፈ ከተማ ነው። በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን አዘርፈው አቃጠሉ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱን ብራናና ንዋየ ቅድሳት ወደ መቅደላ አስጫኑ። በ1860 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዞች መቅደላን ያዙና ከዚያው እየመረጡ ወደ አገራቸው ጫኑ፤ ከጎንደር የወጡ መጻሕፍት ዛሬም ለንደን ናቸው። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ከሱዳን መጥቶ የተረፈውን አነደደው። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ተርፋለች፤ ንቦች ናቸው ያስጣሏት ይባላል። አያቴን ያሳደገቻት አያቷ የደርቡሽን ጊዜ ያየች ነበረች። «ሰው ሲሸሽ የያዘውን ነው የሚያገኘው» ስትል ሰምቻታለሁ፣ አያቴ። በዚህ ዓይነት ቤት ያደገ ሰው ምስማር ቢያቃና ምን ይገርማል? እማዬም የዚያች ሴት ልጅ ናት። እና እኔ ስልክ ላይ ባየሁት ምክር «ይህን ጣይው» ስላት የምነካው ክዳን ብቻ እንዳልሆነ ገብቶኛል።

ስለ ግንቡም አሰብኩ። ልጆቹን ይዤ ፒያሳ ስወጣ ሁልጊዜ በአጥሩ ሥር ነው የማልፈው። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻ አድርገው ግንባቸውን አነጹ። ልጃቸው ዐፄ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት ሠሩ፣ ዐፄ ኢያሱ የራሳቸውን ቤተ መንግሥት፣ ዐፄ ዳዊት የዘፈን ቤት፣ ዐፄ በካፋ አዳራሽ፣ እቴጌ ምንትዋብም የራሳቸውን። 900 ሜትር በሚሆን አጥር ውስጥ እያንዳንዱ ከአባቱ ቤት ጎን የራሱን ቤት አቆመ። የአባትን ሳያፈርሱ፣ በአባት ዕቃ ላይም ሳይደራርቡ። እኛ ያ ቦታ የለንም። ሦስት ትውልድ አንድ ቡፌ፣ አንድ ቁም ሳጥን፣ አንድ አልጋ ሥር ይጋራል። የአያት ላይ የእናት፣ የእናት ላይ የልጅ ይደረባል፤ የልጅ ልጅ ደብተሩን የሚያኖርበት ያጣል። ልጆቼ ለራሳቸው የሚሆን አንድ መደርደሪያ ያገኙት ገና በዚህ ሳምንት ነው፤ በሩ አጠገብ፣ እጃቸው በሚደርስበት። ከዚያ ወዲህ የጠዋቱ ንትርክ ቀንሷል።

ስለዚህ ለየባለቤቱ ካርቶን አዘጋጀሁ። ስማቸውን ጻፍኩበት፤ የየራሳቸውን ከተትኩና ደወልኩላቸው። ለጥምቀት ሲመጡ ለይተው ይውሰዱ፣ የማይፈልጉትን ራሳቸው ይበሉኝ። እህቴ ስልኩን በድምፅ ማጉያ እንዳደረግሁት አላወቀችም። «ውይ እሱን ደብተር? ጣይው፣ ምን ያደርግልኛል» አለች እየሳቀች። እማዬ አጠገቤ ምስር እየለቀመች ነበር። እጇ ቆመ። «እኔ እኮ ለልጆቿ ይሆናል ብዬ ነው ከምስጥ ስጠብቀው የኖርኩት» አለች፣ ለእኔም ለእህቴም አይደለም፣ እንዲሁ። እህቴም ሰማች። «እማዬ፣ እንግዲያው እወስደዋለሁ» አለች። መውሰዷ ግን የእማዬን ፊት አልመለሰውም።

ጎረቤታችን እትዬ ቡና ሊጠጡ ገብተው ካርቶኖቹን አዩ። «አበጀሽ ልጄ፣ እናትሽ ዕረፍት ያግኙ» አሉኝ። ቀጥለው ዙሪያውን ቃኙና «የታናሽየውስ የታለ?» አሉ።

የታናሽ ወንድሜ ካርቶን የለም። የእሱ ሻንጣ ነው፤ በእማዬ አልጋ ሥር፣ እንደተቆለፈ። ሲሄድ ትንሽ ቦርሳ ብቻ ይዞ ሄደ፣ ይህን ትቶ። ባሕር ማዶ አግብቷል፣ ወልዷል፤ በዓል በዓል ይደውላል። «እመጣለሁ» ይላል፣ መቼ አይልም። እማዬ በየመስከረሙ ሻንጣውን ጎትታ ታወጣዋለች። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ትጠርጋለች፣ ዚፑ ዳር ያለውን በጣቷ ጫፍ፣ ፀሐይ ላይ ታቆየዋለች፣ ሳትከፍት መልሳ ታስገባዋለች። ሲመጣ የሚለብሰው ነው ትላለች። የሃያ ዓመት ልጅ ልብስ ነው፤ ባለፈው በቪዲዮ ስናየው ቦርጭ አውጥቷል። እሷም አይታዋለች።

የሻንጣው ቦታ አንድ ፍራሽ በደንብ ያስተኛል። ለካርቶኖቹ ባለቤቶች ሁሉ ደውያለሁ፤ ለእሱ ብቻ አልደወልኩም። ዕቃው የእሱ ነው፣ መወሰን ያለበት እሱ ነው፣ የራሴ ሕግ ይህንን ይላል። ግን ደውዬለት እንደ እህቴ «ጣሉት» ካለኝስ፣ ለእማዬ ምን ብዬ ነው የምነግራት?