የግቢ ሬይልና ራምፕ፦ እስካሁን የደረስኩበት

አዲስ አበባ ውስጥ የብዙ ሰፈሮች መንገድ ኮብልስቶን ስለሆነ ለስኬትቦርድ ጎማ አይመችም። በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው አዲስ ስኬትፓርክ ትልቅ ባለውለታችን ነው፤ በየቀኑ መደጋገም ለሚፈልግ ግን ቤት የሚሠራ ነገር ያስፈልጋል። አንድ መኪና የሚቆምበት ሊሾ ካላችሁ ይበቃል።

መጀመሪያ ሬይል (ቦርዱ ላይ ሆነን የምንንሸራተትበት ዝቅ ያለ የብረት አግዳሚ) ሥሩ። ባለ 6 ሜትር አራት ማዕዘን ቱቦላሬ ገዝታችሁ 2 ሜትሩን ለአግዳሚው፣ የተረፈውን ለእግሮቹ አድርጉት። ክብ ቧንቧ ላይ ትራኩ (ጎማዎቹን ከቦርዱ ጋር የሚያያይዘው ብረት) ይወላገዳል፤ አራት ማዕዘኑ ላይ ግን ተደላድሎ ስለሚቀመጥ ለጀማሪ የምመርጠው እሱን ነው። በያጁ እግሮቹን ወደ ጎን ግማሽ ሜትር ያህል እንዲዘረጋቸው፣ ክፍት ጫፎቹንም በላሜራ እንዲደፍናቸው ንገሩት። ቅልጥም የሚልጠው ያ ክፍት ጫፍ ነው!

ከፍታው 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆን አትናቁት። እኔ በዚያ ከፍታ ፊፍቲ-ፊፍቲን (በሁለቱም ትራኮች ሬይሉ ላይ መንሸራተትን) አሁን እስከ ጫፍ እወስዳለሁ። ቦርድስላይድ (ቦርዱን ሬይሉ ላይ አግድም አድርጎ በሆዱ ማንሸራተት) ገና እየተስተካከለልኝ ነው። ሰው ሲፈራ ወደ ኋላ ይላል፤ ያን ጊዜ ቦርዱ ወደ ፊት ያመልጥና በጀርባ ይጥላል። ትከሻዬን ከሬይሉ በላይ ማዋል ስጀምር ለውጡ ወዲያው ታየኝ። ብረቱን ትንሽ ሻማ ማሸትም ይረዳል።

ስለ ራምፕ (በቅስት ወደ ላይ የሚነሳው መንሸራተቻ) ሁሉም የሚጠይቀኝ ቁመቱን ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም በፊት የቅስቱን ራዲየስ አያለሁ። የኔ ቁመቱ 60፣ ራዲየሱ 180 ሴንቲ ሜትር ነው፤ መሬት ላይ 134 ሴንቲ ሜትር ያህል ይይዛል፣ የጫፉ ቁልቁለትም 48 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። ቦታ ለመቆጠብ ራዲየሱን ወደ 90 ብታወርዱት ርዝመቱ 85 ይሆናል፤ ጫፉ ግን ከ70 ዲግሪ ያልፋል። ለመጀመሪያ ድሮፕ-ኢን (ከራምፑ አናት ቦርዱ ላይ ቆሞ ወደ ታች መውረድ) ይህን ለማንም አልመክርም። ቅስቱን ለመሳል ሚስማር፣ 180 ሴንቲ ሜትር ሲባጎና እርሳስ ይበቃሉ።

ለመንሸራተቻው አንድ ወፍራም ኮምፔልሳቶ አታጉብጡ፣ ይሰነጠቃል፤ ሁለት ባለ 9 ሚሊ ሜትር ደርቡ። ለኮፒንጉ (የራምፑ አናት ጠርዝ ላይ ለሚገጠመው ቧንቧ) ምናለሽ ተራ ቀጥ ያለ አሮጌ የውኃ ቧንቧ አይጠፋም። ከጣውላው ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ አይውጣ፤ ካለፈ ጎማውን ያደናቅፋል።

የክረምቱ ነገር ያሳስበኛል። ኮምፔልሳቶ ውኃ የሚጠጣው በጠርዙ ስለሆነ ጠርዞቹን ደጋግሜ ዘይት ቀለም ቀባኋቸው፤ ማታ ማታ ብሎኬት ላይ አንስቼ ሸራ አለብሰዋለሁ። ድሮፕ-ኢን ለምጃለሁ፣ አሁን ሮክ-ቱ-ፌኪ (የፊት ጎማዎቹን ከኮፒንጉ አሳልፎ፣ ሳይዞሩ ወደ ኋላ መመለስ) ላይ ነኝ። ራምፓችሁን ላሜራ ያለበሳችሁ ካላችሁ፣ በስንት ሚሊ ሜትር እንደሠራችሁትና ፀሐይ ሲመታው እንዴት እንደሚሆን ንገሩኝ።